በኤሌክትሮኒክ መንግሥታዊ አገልግሎት የተጠቃሚ ቡድኖችና የፈቃዶች አስተዳደር

መግቢያ

አንድ ተገልጋይ በድረ ገጽ አማካይነት ማመልከቻ ሲያቀርብ ስሙ፣ የልደት ቀኑ፣ አድራሻውና ያያያዛቸው ሰነዶች በመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣሉ። በወረቀት አሠራር ፋይሉ በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ የሚያየው ቁልፉን የያዘው ሠራተኛና ፋይሉ የተመራለት ኃላፊ ነበር። በኤሌክትሮኒክ አሠራር ግን ፋይሉ መደርደሪያም ቁልፍም የለውም፤ ገደብ ካልተበጀለት በቀር በሥርዓቱ የሚሠራ ማንኛውም ሠራተኛ ከየትኛውም ጽሕፈት ቤት ሊከፍተው ይችላል። የመዝገብ ቤቱን በርና ቁልፍ የሚተካው የተጠቃሚ ቡድኖችና የፈቃዶች አስተዳደር ነው።

ይህ ጽሑፍ አስተዳደሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ የተገልጋዩን መረጃ በምን መልኩ እንደሚጠብቅ፣ ጥበቃው የሚላላው የት ላይ እንደሆነና ተገልጋዩ ራሱ ምን ማድረግ እንደሚገባው ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ "ፈቃድ" ሲባል የንግድ ወይም የሥራ ፈቃድ ማለት አይደለም፤ አንድ ተጠቃሚ በኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ አንድን ተግባር እንዲያከናውን የተሰጠው ሥልጣን ማለት ነው።

ማንነትን ማረጋገጥና ፈቃድ መስጠት

ማንኛውም የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ሥርዓት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው "ይህ ሰው ማን ነው?" የሚል ሲሆን ሁለተኛው "ይህ ሰው ምን እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል?" የሚል ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ በይለፍ ቃል፣ በእጅ ስልክ በሚላክ የአንድ ጊዜ ቁጥር ወይም በዲጂታል መታወቂያ ይመለሳል። በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠውና ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር ያለው የፋይዳ መታወቂያ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ፋይዳ የአንድን ሰው ማንነት ያረጋግጣል እንጂ ያ ሰው የሌላውን ሰው ፋይል እንዲከፍት፣ እንዲለውጥ ወይም እንዲያጸድቅ ሥልጣን አይሰጠውም። ሥልጣኑን የሚወስነው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ማለትም አገልግሎቱን የሚሰጠው ተቋም በሥርዓቱ ውስጥ የሚያደራጃቸው ቡድኖችና ፈቃዶች ናቸው።

ተጠቃሚ፣ ቡድንና ፈቃድ

የድረ ገጽ መተግበሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከባዶ አይጻፉም። ለብዙ ሥራዎች የሚያገለግሉ ዝግጁ ክፍሎችን በያዘ የሶፍትዌር ማዕቀፍ ላይ ይገነባሉ። በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት ማዕቀፎች አንዱ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ጃንጎ ነው። ጃንጎ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በሎውረንስ ከተማ በሚገኝ ጋዜጣ ድርጅት ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። የፕሮግራም ጽሑፉና መመሪያው ለማንም ሰው ክፍት ስለሆኑ በዚህ ጽሑፍ እንደ ማብራሪያ ተወስዷል። ሌሎች ማዕቀፎች በስያሜና በዝርዝር አሠራር ቢለያዩም መሠረተ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው።

በጃንጎ ውስጥ ሦስት መሠረታዊ ነገሮች አሉ።

1. ተጠቃሚ፦ በስሙ አካውንት የተከፈተለት አንድ ሰው ነው።

2. ፈቃድ፦ በአንድ የመዝገብ ዓይነት ላይ አንድን ተግባር የማከናወን ሥልጣን ነው። ማዕቀፉ ለእያንዳንዱ የመዝገብ ዓይነት አራት ፈቃዶችን በራሱ ያዘጋጃል። እነዚህም መጨመር፣ መለወጥ፣ መሰረዝና መመልከት ናቸው። እንደ ማጽደቅ ያሉ ሌሎች ፈቃዶች ካስፈለጉ ሥርዓቱን የሚገነቡት ባለሙያዎች ይጨምሯቸዋል።

3. ቡድን፦ ተመሳሳይ ሥራ ለሚሠሩ ተጠቃሚዎች በአንድነት የሚሰጡ ፈቃዶች ስብስብ ነው። አንድ ተጠቃሚ ወደ ቡድኑ ሲገባ የቡድኑን ፈቃዶች በሙሉ ያገኛል፤ ከቡድኑ ሲወጣም በቡድኑ በኩል ያገኛቸውን ያጣል።

ከአራቱ ፈቃዶች መካከል የመመልከት ፈቃድ ራሱን ችሎ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.1 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት በማዕቀፉ የአስተዳደር ገጽ አንድን መዝገብ ከፍቶ ለማየት የመለወጥ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ይህም ማየት ብቻ ለሚበቃው ሠራተኛ የመለወጥ ሥልጣን ጭምር ይሰጠው ነበር ማለት ነው። ማየትና መለወጥ መለያየታቸው ለተገልጋዩ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ማመልከቻው የደረሰበትን ደረጃ የሚነግረው የመረጃ ዴስክ ሠራተኛ የልደት ቀኑን የሚለውጥበት ምክንያት የለምና።

ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለሥራ መደብ ስለ መስጠት

ፈቃድን በቀጥታ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መስጠት ይቻላል። ይሁን እንጂ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ባሉበት ተቋም ማን ምን እንደተፈቀደለት ማወቅ በአጭር ጊዜ ውስጥ አዳጋች ይሆናል። ፈቃድን ከሥራ መደብ ጋር የማያያዝ አሠራር ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ጥናት በዝርዝር የተቀረጸ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። በዚህ አሠራር ሥልጣኑ የመደቡ ነው፤ ሠራተኛው የሚጠቀምበት በመደቡ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው መርሕ ለአንድ ተጠቃሚ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ ፈቃድ አለመስጠት ነው። ይህን መርሕ ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 በጻፉት ጥናት አስፍረውታል። በኢትዮጵያ ሕግም ተቀራራቢ አስተሳሰብ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2204 እና 2205 ጠቅላላ ውክልናን ከልዩ ውክልና ይለያል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ የሚያበቃ ሲሆን የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ቤት እንዲያከራይ የተወከለ ሰው ቤቱን መሸጥ እንደማይችል ሁሉ፣ ፋይል እንዲመለከት የተፈቀደለት ሠራተኛም ፋይሉን መለወጥ አይችልም።

የቡድን አደረጃጀት ማሳያ

የልደት ምስክር ወረቀትን የመሰለ አገልግሎት በድረ ገጽ ሲሰጥ ቡድኖቹ በሚከተለው መልኩ ሊደራጁ ይችላሉ።

- የመረጃ ዴስክ፦ ማመልከቻ መመልከት ብቻ።
- መዝጋቢ፦ አዲስ መዝገብ መጨመር፣ ያልጸደቀ መዝገብን መለወጥና መመልከት።
- አጽዳቂ፦ መዝገብን መመልከትና ማጽደቅ። መጨመርና መለወጥ ግን አይፈቀድለትም።
- ኦዲተር፦ መዝገቦችንና የክንውን ታሪክን መመልከት ብቻ።
- የሥርዓት አስተዳዳሪ፦ ተጠቃሚዎችን በቡድን መመደብ። የተገልጋዮችን ፋይል መክፈት ግን የሥራው አካል አይደለም።

በዚህ አደረጃጀት ዋናው ቁም ነገር መዝጋቢውና አጽዳቂው የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ሁለቱ ፈቃዶች በአንድ ሰው እጅ ከገቡ ያ ሰው ያልተወለደን ልጅ መዝግቦ ራሱ ሊያጸድቅ፣ ወይም የሌላ ሰውን የልደት ዘመን ለውጦ ሊያስተላልፍ ይችላል። የሥራ ክፍፍሉ ተገልጋዩ ከአንድ መስኮት ወደ ሌላ እንዲመራ ሊያደርገው ቢችልም፣ በስሙ የሐሰት መዝገብ እንዳይፈጠር የሚከላከለው ይኸው ክፍፍል ነው።

ስለሆነም አንድ ሠራተኛ "ይህን እኔ ማስተካከል አልችልም" ብሎ ሲመልስ ምላሹ ትክክል ሊሆን ይችላል። ተገልጋዩ በዚህ ጊዜ ፈቃዱ የትኛው የሥራ ክፍል እንደሆነ ጠይቆ የማመልከቻውን መለያ ቁጥር በመያዝ ወደዚያው መሄድ ይኖርበታል። ሠራተኛው የባልደረባውን የይለፍ ቃል ተጠቅሞ እንዲያስተካክልለት መጠየቅ ግን ተገቢ አይደለም፤ ለውጡ ባላደረገው ሰው ስም ስለሚመዘገብ በኋላ ክርክር ቢነሳ ተገልጋዩንም ይጎዳል።

ሦስቱ የአካውንት ምልክቶች

ከቡድኖች በተጨማሪ በጃንጎ እያንዳንዱ አካውንት ሦስት ምልክቶች አሉት።

ንቁ፦ አካውንቱ በሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል። ምልክቱ ሲነሳ ባለቤቱ መግባት አይችልም፤ ማንኛውም ፈቃዱም እንደሌለ ይቆጠራል።

ሠራተኛ፦ ወደ ሥርዓቱ የአስተዳደር ገጽ መግባት የሚያስችል ምልክት ነው። ምልክቱ ብቻውን ፋይል የመክፈት ሥልጣን አይሰጥም፤ ሠራተኛው በገባበት ገጽ የሚያየው በቡድኑ ወይም በቀጥታ የተፈቀደለትን ብቻ ነው።

የበላይ ተጠቃሚ፦ ማንኛውም ፈቃድ በስም ሳይሰጠው ሁሉንም እንደተፈቀደለት የሚቆጠር አካውንት ነው። በዚህ አካውንት ላይ የቡድን ገደብ አይሠራም። በመሆኑም ቁጥሩ በጣም ውስን ሊሆንና ለዕለት ተዕለት የተገልጋይ መስተንግዶ ጨርሶ ሊውል አይገባም።

ጥበቃው የሚላላባቸው ሁኔታዎች

ማዕቀፉ መሣሪያ እንጂ ጠባቂ አይደለም። የሚከተሉት አምስት ነጥቦች በአግባቡ ካልተያዙ ቡድኖቹ ቢኖሩም የተገልጋዩ መረጃ ሊጋለጥ ይችላል።

አንደኛ፣ ፈቃዶች ይደመራሉ እንጂ አይቀናነሱም። አንድ ሠራተኛ በሁለት ቡድኖች ውስጥ ካለ የሁለቱንም ፈቃድ ይይዛል፤ በማዕቀፉ ውስጥ "ይህ ተከልክሏል" የሚል ፈቃድ የለም። ከመዝጋቢነት ወደ አጽዳቂነት የተዛወረ ሠራተኛ ከቀድሞው ቡድን ካልወጣ መዝግቦ የማጽደቅ አቅም ይኖረዋል። የዓመት ዕረፍት ለወጣ ባልደረባ ምትክ ለጊዜው የተሰጠ ፈቃድም በራሱ የሚያበቃበት ቀን ስለሌለው አንድ ኃላፊ እስኪያነሳው ድረስ ይቆያል።

ሁለተኛ፣ አራቱ ፈቃዶች የሚሠሩት በመዝገብ ዓይነት ላይ እንጂ በአንድ ነጠላ ፋይል ላይ አይደለም። "የልደት መዝገብ መመልከት" የተፈቀደለት ሠራተኛ በሥርዓቱ ያሉትን የልደት መዝገቦች ሁሉ ሊመለከት ይችላል። የአንድ ወረዳ ሠራተኛ የወረዳውን ነዋሪዎች ፋይል ብቻ እንዲያይ ከተፈለገ ገደቡን የሥርዓቱ ገንቢዎች በተጨማሪ ሥራ ማስገባት አለባቸው። ተቋማት ሥርዓት ሲያሠሩ ይህን በውላቸው ውስጥ በግልጽ ማስፈር ይጠበቅባቸዋል።

ሦስተኛ፣ አዝራርን መደበቅ ጥበቃ አይደለም። ፈቃድ ለሌለው ሰው "ለውጥ" የሚለው አዝራር አለመታየቱ ብቻውን በቂ አይሆንም፤ ጥያቄው ወደ ሥርዓቱ ሲደርስ ፈቃዱ እንደገና መመርመር አለበት። አንድ ተገልጋይ በአድራሻው መስመር ላይ የሚታየውን የማመልከቻ ቁጥር በሌላ ቁጥር ሲተካ የሌላ ሰው ፋይል ከተከፈተለት ሥርዓቱ ይህን ምርመራ አያደርግም ማለት ነው። ኦዋስፕ የተባለው የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የአሥር ዋና ዋና የድረ ገጽ መተግበሪያ ሥጋቶች ዝርዝር የመዳረሻ ቁጥጥር መጓደልን በአንደኛ ደረጃ አስቀምጦታል።

አራተኛ፣ ማየት አሻራ ላይተው ይችላል። የጃንጎ የአስተዳደር ገጽ መጨመርን፣ መለወጥንና መሰረዝን ከሠራተኛው ማንነትና ከሰዓቱ ጋር ይመዘግባል። አንድ ሠራተኛ ፋይሉን ከፍቶ ማየቱን ግን አይመዘግብም። "ፋይሌን ማን አየው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲኖር የእይታ መዝገብ ተለይቶ መሠራት አለበት።

አምስተኛ፣ አካውንትን መሰረዝ ማስረጃን ሊያጠፋ ይችላል። አንድ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ አካውንቱ ሙሉ በሙሉ ቢሰረዝ፣ በአስተዳደር ገጹ የተመዘገበው የክንውን ታሪኩም አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር አካውንቱን ማጥፋት ሳይሆን የ"ንቁ" ምልክቱን ማንሳት ነው። ሠራተኛው ከዚያ በኋላ መግባት አይችልም፤ ቀደም ሲል የሠራው ግን ከነስሙ ይቆያል።

ከእነዚህ ነጥቦች እንደሚታየው ፈቃድን መስጠት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ፈቃዱን በጊዜው ማንሳት ሌላው ግማሽ ነው። የሰው ኃይል አስተዳደር ዝውውርን፣ የሥራ መልቀቅንና የረጅም ጊዜ ዕረፍትን በዕለቱ ለሥርዓት አስተዳዳሪው ሊያሳውቅ፣ የየክፍሉ ኃላፊዎችም በቡድኖቻቸው ውስጥ የተመዘገቡትን ስሞች በተወሰነ ጊዜ ሊከልሱ ይገባል።

የተገልጋዩ አካውንትና ውክልና

ተገልጋዩም በሥርዓቱ ውስጥ ተጠቃሚ ነው። አካውንቱ የራሱን ማመልከቻ የማቅረብ፣ የመከታተልና ውጤቱን የመቀበል ፈቃድ ስለሚሰጠው የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ማድረግ ይኖርበታል።

- አካውንት ሲከፈት የሚመዘገበው የስልክ ቁጥርና ኢሜይል የራሱ የተገልጋዩ መሆን አለበት። በጉዳይ አስፈጻሚ ወይም በኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ስልክ የተከፈተ አካውንት በተግባር የዚያ ሰው ነው፤ የአንድ ጊዜ ቁጥሩ የሚደርሰው ለእሱ ነውና።
- የይለፍ ቃልንና የአንድ ጊዜ ቁጥርን ለማንም፣ ለተቋሙ ሠራተኛም ቢሆን መስጠት አይገባም። በጃንጎና በመሰል ማዕቀፎች የይለፍ ቃል የሚቀመጠው ተመልሶ ሊነበብ በማይችል መልኩ ስለሆነ ሥርዓቱ ራሱ እንኳ አያውቀውም። "ለማጣራት የይለፍ ቃልዎን ይንገሩን" የሚል የስልክ ጥሪ ከተቋሙ የመጣ ነው ተብሎ ሊታመን አይገባም።
- በጋራ ኮምፒውተር የተጠቀመ ተገልጋይ ሥራውን ሲጨርስ ገጹን መዝጋት ብቻ ሳይሆን "ውጣ" የሚለውን አዝራር መጫን፣ በኮምፒውተሩ ላይ ያወረዳቸውን ሰነዶችም መሰረዝ አለበት።
- ጉዳዩን በሌላ ሰው የሚያስፈጽም ተገልጋይ የይለፍ ቃሉን ከማስተላለፍ ይልቅ በሕግ አግባብ የተረጋገጠ ውክልና ሊሰጥ ይገባል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ውክልናውን በአቅራቢያቸው በሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ማዘጋጀት ይችላሉ። ተወካይ በራሱ አካውንት ሲገባ የሠራው በስሙ ይመዘገባል፤ በወካዩ የይለፍ ቃል ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ወካዩ እንዳደረገው ይቆጠራል።

የሕግ መሠረትና የአቤቱታ አቀራረብ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ይደነግጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ ሆን ብሎ መድረስን በወንጀል ያስጠይቃል። በዚህም መሠረት ተጠያቂነቱ ከውጭ ሰብሮ በሚገባ ሰው ላይ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ሕጋዊ አካውንት ይዞ ከሥልጣኑ አልፎ የሚሠራ ሠራተኛንም ይመለከታል። የግል መረጃ ጥበቃን በሚመለከት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ባለመረጃው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዳለው ይደነግጋል።

መረጃው ያለ አግባብ እንደታየ፣ እንደተለወጠ ወይም ለሌላ ሰው እንደተላለፈ የሚጠረጥር ተገልጋይ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሊከተል ይችላል።

1. ስሕተቱን ባየበት ቀን የገጹን ምስል፣ የማመልከቻውን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይያዝ።

2. አገልግሎቱን ለሚሰጠው ተቋም የቅሬታ ክፍል በጽሑፍ ያመልክት። በማመልከቻው ሦስት ነገሮችን ለይቶ ቢጠይቅ ምላሹን ለመገምገም ይረዳዋል፦ መዝገቡ መቼ ተለወጠ? ለውጡን የመዘገበውና ያጸደቀው ማን ነው? የቀድሞው ይዘት ምን ነበር?

3. የሌላ ሰው ፋይል በስሕተት ከተከፈተለት ሳያነብ፣ ሳይገለብጥና ለሌላ ሳያስተላልፍ ገጹን ዘግቶ ወዲያውኑ ለተቋሙ ያሳውቅ። ሌሎች ቁጥሮችን እያስገባ መሞከር ግን ራሱን ለተጠያቂነት ሊያጋልጠው ይችላል።

4. ከተቋሙ በቂ ምላሽ ካላገኘ አስተዳደራዊ በደልን ለሚመለከተው ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የግል መረጃ ጥበቃን በሚመለከት ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ ሲያምን ደግሞ ለፖሊስ ማቅረብ ይችላል።

ማጠቃለያ

የተጠቃሚ ቡድኖችና የፈቃዶች አስተዳደር የባለሙያዎች የውስጥ ጉዳይ መስሎ ቢታይም፣ የሚወስነው ግን የአንድ ሰው ልደት፣ ጋብቻ፣ ንብረትና ገቢ በማን እጅ እንደሚታይና እንደሚለወጥ ነው። ሥልጣኑ ለሥራ መደብ የተሰጠ፣ በሥራው ልክ የተወሰነ፣ ሥራው ሲያበቃ የሚነሳና የሠራውን ሰው ስም የሚመዘግብ እንዲሆን ማድረግ የተቋሙ ግዴታ ነው። ተገልጋዩ በበኩሉ አካውንቱን በራሱ እጅ መያዝ፣ ስለ መዝገቡም በጽሑፍ የመጠየቅ መብቱን መጠቀም ይኖርበታል።